የእናቴ ሣጥን

በክርስቲያን ቤት የሚወረስ ነገር ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ መሬት ይወርሳል፤ አንዱ ወርቅና ብር፤ አንዱም የአባቱን ዳዊትና መቋሚያ ይወርሳል። ከብዙዎቻችን ቤት ግን የማይታጣው ውርስ ልብስ ነው፤ ይኸውም እናት በእጇ ፈትላ ያሠራችው ነጠላ፥ በሠርጓ ቀን የለበሰችው ቀሚስ፥ አባት በዓል በመጣ ቁጥር ይደርቡት የነበረ ኩታ ወይም በርኖስ ነው። ወደ ገበያ ቢወጣ ብዙ ዋጋ የሚሰጠው አይገኝም፤ ከሣጥን ወጥቶ በተዘረጋ ጊዜ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ ዝም የማሰኘት ኃይል አለው። ስለዚህ ልብስ አጠባበቅ ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ አጥፍቼ ስለ ተማርሁ ነው።

እናቴ የምንጃር ተወላጅ ነበረች። በልጅነቴ፥ ገና ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት በምደግምበት ጊዜ፥ ማታ ማታ እርሷ በምድጃው ብርሃን እየፈተለች፥ እኔም የተማርሁትን ጮኽ ብዬ እያነበብሁላት እናመሽ ነበር። ጥጡን ከገበያ ገዝታ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ እንዝርቷን እያሾረች ትፈትላለች። ልቃቂቱ ተጠራቅሞ ለአንድ ነጠላ ድርና ማግ እስኪበቃ ድረስ ብዙ ወራት ያልፋል። ሲበቃም ለሸማኔ ይሰጣል። እንግዲህ አንዲት ነጠላ ማለት የአንዲት ሴት የብዙ ሌሊት ድካም ማለት ናት። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

በ1998 ዓ.ም. አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴን በመምህርነት ወደምኖርባት ወደ አዳማ፥ ብዙዎቻችን ናዝሬት እያልን ወደምንጠራት ከተማ አመጣኋት። የያዘችው ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የምትሳሳለት ግን አንድ የዋንዛ ሣጥን ነበር። ውስጡ በታጠበ አቡጀዲ ተለብጧል። የሠርጓ ቀሚስ፥ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የሆነ ነጠላ፥ አንድ ጋቢ፥ የአባቴ የበግ ጠጉር በርኖስ፥ ከነዚህም ሌላ ሁለት የዘወትር ቀሚሶችና አንድ ቡሉኮ ነበሩበት። በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ ሣጥኑን ትከፍታለች፤ ልብሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ታራግፋለች፤ በበረንዳው ጥላ ሥር ዘርግታ ነፋስ ታስመታቸዋለች፤ ወደ ማታም አጣጥፋ፥ የደረቀ አሪቲና አደስ በጨርቅ ቋጥራ በመካከላቸው አድርጋ ትመልሳቸዋለች። ይህን ስታደርግ ሳያት የአሮጊት ናፍቆት ይመስለኝ ነበር እንጂ ዕውቀት መሆኑን አላስተዋልሁም።

እናቴ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ዐረፈች። ከማረፏ ጥቂት ቀን አስቀድሞ እጄን ይዛ፥ «እግዚአብሔር ሴት ልጅ ቢሰጥህ ከክርስትና ስትመልሳት በነጠላዬ ጠቅልላት» አለችኝ። እሺ አልሁ። በ2008 ዓ.ም. ሴት ልጅ ተወለደችልኝ፤ በሰማንያ ቀኗም ተጠመቀች። የዚያን ዕለት ጧት ባለቤቴ ሣጥኑን እንክፈት ብትለኝ፥ «ይህን የመሰለ ነጠላ ሕፃን ታበላሸዋለች፤ ለሠርጓ ይቆይ» ብዬ ከለከልኋት። በምትኩ ከገበያ አዲስ ነጠላ ገዛን። በዲቁና ቀድሼ፥ ስለ ጥምቀትም ክብር ለሰንበት ተማሪዎች አስተምሬ ሳበቃ፥ ለልጄ ከተጠመቀችበት ቀን የሚበልጥ ምን ሌላ ታላቅ ቀን እንደማቆይላት ራሴን አልጠየቅሁም። የእናቴ አደራ በዚህ ዓይነት ፈረሰ፤ የፈረሰውም በንቀት ሳይሆን በስስት ነው።

ከዚያም ሌላ ስሕተት ጨመርሁበት። የዋንዛው ሣጥን አርጅቷል፥ ምስጥም ሊገባበት ይችላል ብዬ ልብሶቹን ወደ አዲስ የቆርቆሮ ሣጥን አዛወርኋቸው። እያንዳንዳቸውን በላስቲክ ከረጢት ጠቀለልሁ፤ የናፍታሊን ፍሬ በብዛት በተንሁባቸው፤ ቆልፌም ከጣራው ሥር ባለው ቆጥ ላይ ሰቀልሁት። ቁልፉን ከራሴ ዘንድ አኖርሁ። በዚህም የልጅነት ግዴታዬን የፈጸምሁ መሰለኝ።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የእናቴ የዐሥረኛ ዓመት መታሰቢያ በደረሰ ጊዜ የእናቴ ታላቅ እኅት የሆኑት አክስቴ ከምንጃር መጡ። ጸሎቱ ተፈጽሞ፥ ጠበሉ ተቀምሶ፥ ዘመድ ከተሰናበተ በኋላ፥ «እስቲ የእኅቴን ነጠላ አውጣና ልየው» አሉኝ። ሣጥኑን አወረድሁ። ክዳኑ ሲነሣ ከናፍታሊኑ ሽታ ጋር የሻጋታ ሽታ ወጣ። የላስቲኩ ከረጢት በውስጡ አልቦት ነበር። ሁለቱ የዘወትር ቀሚሶችና ቡሉኮው ሻግተው ጠቁረዋል። የአባቴን በርኖስ ባነሣሁት ጊዜ ከእጄ ላይ እንደ ትቢያ ረገፈ፤ ብል ጨርሶታል። በሠርጉ ቀሚስ ደረት ላይ፥ እናቴ ሳትነቅለው የቀረ አንድ መርፌ ቁልፍ ዝጎ፥ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት አበጅቶበታል። ነጠላው ደግሞ ከራስ ላይ በሚውልበት በኩል የጠጉር ቅቤ የነካው ስፍራ ቢጫ ሆኖ ተበሳስቷል፤ ስዘረጋውም በእጥፋቱ መሥመር ላይ እንደ ወረቀት ተሰነጠቀ። ከሁሉ ደኅና ሆኖ የተገኘው ጋቢው ብቻ ነበር።

አክስቴ ረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «አንተ ልጅ፥ እኅቴን ሁለተኛ ቀበርሃት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ የሆነችው ልጄ ጠጋ ብላ የነጠላውን ጥለት በጣቷ እየነካች፥ «አባዬ፥ አያቴ ይህን መቼ ነው የለበሰችው? ማንስ ሠራላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም። ስለ እኔ ሆነው የመለሱላት አክስቴ ናቸው። «ይህን ነጠላ አያትሽ የፈተለችው አባትሽን አርግዛ ሳለች ነው። ሲነጋና ሲመሽ ስትፈትል እኛ እንስቅባት ነበር። አባትሽም በአርባ ቀኑ ከክርስትና የተመለሰው በዚሁ ተጠቅልሎ ነው» አሏት።

ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር። እናቴ ለምን ያን ነጠላ ለይታ እንደ ጠራችልኝ፥ ለምንስ ለሠርግ ሳይሆን ለክርስትና እንዳለችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እንግዲህ ያጠፋሁት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ጨርቁን፥ ሁለተኛው ከጨርቁ ጋር መኖር የነበረበትን ታሪክ። አክስቴ በሕይወት ባይኖሩ ኖሮ ሁለተኛው ጨርሶ በጠፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ነገሩን ለደብራችን ንዋየ ቅድሳት ጠባቂ አባት ብነግራቸው ፈገግ ብለው፥ «አንተ ዲያቆን አልነበርህምን? ልብሰ ተክህኖውን ታጥፍ የነበረው እኮ አንተ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በታጠበ እጅ መያዝን፥ እድፍ ያለበትን ከንጹሑ መለየትን፥ የረጠበውን ሳያደርቁ አለማጠፍን፥ ወርቀ ዘቦውን አለመጨበጥን በልጅነቴ ተምሬአለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ስለ ተቆለፈበት ብቻ አይደለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየወጣ ስለሚጎበኝ ነው። እኔ ግን ከመቅደስ የተማርሁትን ከቤቴ ደጃፍ አላስገባሁትም። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፥ አያያዜን አይቶ ብሉም ሻጋታውም ድርሻውን ወሰደ።

ከዚህ ወዲህ ከአባቶች ጠይቄ፥ ስለ ጨርቅ አጠባበቅ የተጻፉ መጻሕፍትንም አገላብጬ የተረዳሁትን፥ በኔ የደረሰ በሌላው ቤት እንዳይደርስ ከነምክንያቱ አቀርባለሁ።

አንደኛው ጠላት እድፍ ነው። ቅቤና ላብ በጨርቅ ላይ ሲቀሩ መጀመሪያ አይታዩም፤ በዓመታት ውስጥ ግን አየሩ እየለወጣቸው ቢጫ፥ ኋላም ቡናማ ይሆናሉ፤ ተባይንም ይጠራሉ። ስለዚህ የጥጥ ልብስ ለብዙ ጊዜ ከመቀመጡ በፊት በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠብ። አስቀድሞ ግን የጥለቱን ቀለም መፈተን ይገባል፤ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ከጥለቱ ማዕዘን ላይ ጥቂት ጊዜ ቢጫኑት፥ ቀለሙ ወደ ነጩ ካለፈ ልብሱ ውሃ ውስጥ አይግባ። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ዛሬ ያነጣዋል፥ ነገ ግን ፈትሉን ያደክመዋል። ያረጀ ልብስ አይጠመዘዝም፤ ሲወጣም ከሥሩ አንሶላ አስገብቶ ክብደቱን ደግፎ ማንሣት ነው። አሚዶም ተባይ ስለሚወደው ለሚቀመጥ ልብስ አይበጅም። የሐር ልብስና ወርቀ ዘቦ ያለበት ካባ ግን በቤት ከመታጠብ ባይታጠቡ ይሻላል።

እናቶቻችን ሸማ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ለጨርቅ የሚራራ ሳሙና ነበር። ይህ እንዶድ ለዓለም የታወቀበት ታሪክ ራሱ ከልብስ አጠባ የተነሣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚህም ተነሥተው ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ኃይል እንዳለው መረመሩ። የአንድ ዘመን እናቶች የልማድ ዕውቀት ለሊቃውንት በር ሊከፍት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጠላት ብል ነው። ልብስ የሚበላው የሚበርረው ትንሽ የእሳት ራት መሰል ፍጥረት ሳይሆን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። ምግቡም ከእንስሳ የተገኘ ነገር ነው፤ ሱፍ፥ የበግ ጠጉር፥ ሐር፥ ላባና ይህን የመሳሰለው። ጥጥ ከተክል የተገኘ ስለ ሆነ ንጹሕ ሲሆን ብል አይበላውም፤ ቅቤ ወይም ላብ የነካውን ጥጥ ግን እድፉን ሲበላ ፈትሉንም አብሮ ይቆርጠዋል። በኔ ሣጥን ውስጥ በርኖሱ አልቆ፥ ነጠላው በቅቤው ስፍራ ብቻ ተበስቶ፥ ንጹሑ ጋቢ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ትል ጨለማንና ጸጥታን ይወዳል፤ መነካካትን፥ መራገፍንና ብርሃንን ይጠላል። ስለዚህ እናቴ በየመስከረሙ ልብሷን ማራገፏ ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ እንቁላሉንና ትሉን ማራገፏ ነበር። አሪቲና አደስ በሽታቸው ብሉን ቢያርቁ እንጂ የገባውን አይገድሉም፤ ዋናው ሥራ የእጇ ነበር።

ብል የገባበት ልብስ ሲገኝ ዛሬ በብዙ ከተማ ቤት ያለው የማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ይረዳል። ልብሱን በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ሁለት ሳምንት ማቆየት፥ ሲወጣም ከረጢቱን ሳይከፍቱ የቤቱ ሙቀት እስኪደርሰው መጠበቅ ነው። መብራት በመካከሉ ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ቀኑን እንደገና መቁጠር ይገባል። ናፍታሊን ግን መርዝ መሆኑን ወላጅ ሁሉ ይወቅ። ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ይችላሉ፤ ሽታው ባልለቀቀ ልብስ የተጠቀለለ ጨቅላ ሕፃንም ደሙ ሊጎዳ ይችላል። የልጄ የክርስትና ነጠላ እንዲሆን በታሰበው ልብስ ላይ እኔ የበተንሁት ይህን ነበር።

ሦስተኛው ጠላት ርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። በቀን የቆርቆሮው ጣራ ይግላል፤ በሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ከጣራ ሥር የተሰቀለ የቆርቆሮ ሣጥን ቀን ምጣድ፥ ሌሊት ማሰሮ ማለት ነው። በላስቲኩ ውስጥ የታፈነው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ከጠብታው ሻጋታ ይወለዳል። በዐዋሽ ዳር በወንጂ፥ በሐይቁ አጠገብ በባቱ ለሚኖሩ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ሣጥኑ ከጣራ ወርዶ፥ ከግድግዳ ጥቂት ርቆ፥ ምስጥና ርጥበት እንዳይደርስበት በጡብ ወይም በእንጨት ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በቤቱ ውስጥ እጅግ በማይሞቀውና በማይረጥበው ክፍል ይቀመጥ። እንጨትም ቢሆን በራሱ ጠረን ጨርቅ ያበልዛልና፥ ውስጡን በታጠበ አቡጀዲ መለበጥ፥ ልብሱንም በአቡጀዲ መጠቅለል መልካም ነው። ጋዜጣ ግን መጠቅለያ አይሁን፤ ቀለሙ ይለቃል፥ ወረቀቱም ጨርቁን ያበልዛል።

አራተኛው ጠላት ብርሃንና አቧራ ነው። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው፤ በኮረብቶቿ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ነፋሱ ይዞት የሚመጣው አቧራ እንደ ደቃቅ መስተዋት ስለታም ነው፤ በታጠፈ ልብስ መካከል ሲገባ ፈትሉን ይፈጨዋል። ስለዚህ ልብስ ነፋስ የሚመታው አቧራው ገና ሳይነሣ በማለዳ፥ ያውም በጥላ ሥር ነው። የቀትር ፀሐይ ሸማን ያነጣል ብለን እናሰጣለን፤ የጥለቱን ቀለም ግን ይበላዋል፥ ፈትሉንም ያደክመዋል። የአያትን ቀሚስ በመስተዋት አድርጎ በእንግዳ መቀበያ ክፍል መስቀል የወደደ ሰው ቢኖር፥ ለበዓል ሰቅሎ ከበዓል በኋላ ያውርደው።

አምስተኛው ብረትና እጥፋት ነው። መርፌ ቁልፍ፥ ስፒልና የሚወልቅ ቁልፍ ሁሉ ይነቀል። ልብሱ ሁልጊዜ በአንድ መሥመር ከታጠፈ በዚያው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በየዓመቱ እጥፋቱን መለወጥ፥ በእጥፋቱም ውስጥ የተጠቀለለ አቡጀዲ ማስገባት ያስፈልጋል። ነጠላ በአቡጀዲ በተሸፈነ እንጨት ላይ ቢጠቀለል ከሁሉ ይሻላል። ጥልፍ የበዛበት ቀሚስ ከተሰቀለ ትከሻው በክብደቱ ይቀደዳልና ተጋድሞ ይቀመጥ። የተቀደደውንም ለመጠገን መቸኮል አይገባም። አዲስ እራፊ ባረጀ ልብስ ላይ ቢለጠፍ ቀዳዳውን እንደሚያብስ ጌታችን በምሳሌ ያነሣው ነገር ነው፤ ዛሬም ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው።

ከነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ልብስ ጋር፥ ማን እንደ ፈተለው፥ ማን እንደ ለበሰው፥ ለየትኛው ቀን እንደ ተሠራ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት በአቡጀዲው ላይ ይቀመጥ። ቀለም ርጥበት ሲያገኘው ይሸሻል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። ስም የሌለው ልብስ ባለቤቱን ከሚያውቁት ሰዎች ሞት በኋላ እራፊ ብቻ ነው።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ ከአገራችን ውስጥም ከውጭም አይጠፋም። ከሞጆ ወደ መቂ ወርዶ ባቱ የደረሰ ሰው የዝዋይን ሐይቅ ያገኛል። በዮዲት ዘመን ካህናት ንዋየ ቅድሳቱን ይዘው ከአክሱም ወደ ሐይቁ ደሴቶች እንደ ሸሹ፥ በደብረ ጽዮንም እንዳኖሩት በአባቶች ይተረካል። የደሴቶቹ ተወላጆች የሆኑት ዛዮች በዓሣ አጥማጅነትና በሽመና የታወቁ ናቸው። ተማሪዎቼን ይዤ በታንኳ በተሻገርሁ ጊዜ ያሰብሁት፥ በብራና መጻሕፍታችን ውስጥ ጨርቅ ምን ያህል ስፍራ እንዳለው ነው። በብዙ መጽሐፍ የገበታው ውስጥ በኩል በከበረ ጨርቅ ይለበጣል፤ በሥዕሉም ላይ መጋረጃ የሚሆን ስስ ጨርቅ ይሰፋል። ከለባሾቹ ጋር ያረጀው ጨርቅ ሁሉ ሲጠፋ፥ በመጽሐፍ ውስጥ የተለበጠው ብዙ ዘመን ኖሯል። ከብርሃን ስለ ተሰወረ ኖረ፤ መጽሐፉም ለንባብ ስለሚገለጥ ጎብኚ አላጣም።

በአንጻሩ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ልብስ እናስብ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የነበሩት የእኒህ እመቤት የጥልፍ ቀሚስ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወስዶ፥ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እርሳቸውም በዚያው ዓመት ከመቅደላ ሲመለሱ በመንገድ ዐረፉ። ቀሚሱ ከ150 ዓመት በላይ ኖሯል፤ የኛ ጥጥና ጥልፍ በጥንቃቄ ከተያዘ ይህን ያህል ዘመን መቆየት እንደሚችል ምስክር ነው። ነገር ግን በወገን እጅ አይደለም። በዚያ ጠባቂ አለ፥ ወገን የለም፤ በኔ ቤት ወገን ነበረ፥ ጠባቂ አልነበረም። ልብስ ሁለቱን አንድነት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፥ «ብልና ዝገት በሚያጠፋው በምድር ላይ መዝገብ እንዳንሰበስብ ታዘን የለምን? ሁለት ልብስ ያለውስ ለሌለው እንዲያካፍል አልተነገረምን?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው እውነተኛ ነው። እኔም በዚህ ተወቅሻለሁ። ሁለቱን የዘወትር ቀሚሶችና ቡሉኮውን እናቴ ባረፈች በአርባ ቀኗ ለድኾች ሰጥቼ ቢሆን፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የሚያድሩትን ዐሥር ዓመት ባሞቁ ነበር። እኔ ግን ከሰው ከልክዬ ለሻጋታ ሰጠኋቸው። ሁሉን መሰብሰብ መጠበቅ አይደለም፤ ንፍገት ነው። ከሟች ልብስ አንድ ወይም ሁለት ለመታሰቢያ መርጦ፥ የቀረውን ገና ጉልበት ሳለው በሟች ስም መመጽወት የክርስቲያን ሥርዓት ነው። የተመረጠውንም በደንብ ለመያዝ የሚቻለው ጥቂት ሲሆን ነው።

ለመታሰቢያ የሚቀመጠው ግን መዝገብ አይባልም። ሐና ለቤተ መቅደስ ለሰጠችው ለልጇ ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር ተጽፏል። በኢዮጴም ዶርቃ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ሐዋርያው ጴጥሮስን ከብበው እያለቀሱ ያሳዩት ሌላ አልነበረም፤ በሕይወቷ ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። ስለ ሴቲቱ ቸርነት የመሰከረው ጨርቁ ነበር። እነዚያ መበለቶች ልብሱን ቆልፈው አላኖሩትም፤ ይዘውት ቆሙ፥ ማን እንደ ሠራውም ተናገሩ።

አሁን በቤታችን ሥርዓት አበጅተናል። የዋንዛውን ሣጥን ከዕቃ ቤት አውጥተን አጠብነው፥ አደረቅነው፥ አዲስ አቡጀዲም ለበጥነው። በየዓመቱ የመስቀል በዓል በዋለ ማግስት፥ መስከረም 18 ቀን፥ እጃችንን ታጥበን በማለዳ እንከፍተዋለን። ነጠላው ከእንግዲህ አይለበስም፤ ደክሟልና። በአቡጀዲ በተሸፈነ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አክስቴ የነገሩንን ልጄ በራሷ እጅ በእርሳስ ጽፋ ከጎኑ አኑራለች፤ በተከፈተም ቁጥር የምታነበው እርሷ ናት። አክስቴም ሲመጡ እንዝርት ያስይዟታል። ፈትሏ ገና ወፍራምና ቋጠሮ የበዛበት ነው፤ አክስቴ ግን፥ «የእናትህም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር» ይሉኛል።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የታናሽ ወንድሜ ልጅ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። ያን ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ሣጥኑን ከፈትሁ። ጋቢው ታጥቦ፥ የናፍታሊኑም ሽታ ከብዙ ወራት ነፋስ በኋላ ለቅቆት፥ ነጭ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ሕፃኑ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው በእርሱ ተጠቅልሎ ነው። በመንገድም ጥቂት ወተት አስመለሰበት። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ሁለታችንም ሣቅን። ማታ ጋቢው ታጠበ፤ ሲደርቅም ልጄ ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መሥመር ጨምራ የሕፃኑን የክርስትና ስምና ቀኑን ጻፈች።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ የተቆለፈ ሣጥን ቢኖር እንዲህ ያለ ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ፤ ዛሬ ክፈቱት። የሚታጠበውን እጠቡ፤ የሚሰጠውን ስጡ፤ የሚቀመጠውን በሥርዓት አስቀምጡ። ታሪኩን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ልጆቻችሁንም አጠገባችሁ አድርጉ። አደራ የሚጠበቀው በቁልፍ ሳይሆን በመጎብኘት ነውና። እግዚአብሔር የወላጆቻችንን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ አሜን።